ከእስር የተመለሰ ባል፣ ሳልና የእርግዝና መከላከያ

በካቺሲና በአምቦ የምትኖሩ ውድ ባለትዳሮች፣ ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት፣ አየር በማይዘዋወርበት የእስር ክፍል የሳንባ ነቀርሳ በሳል በቀላሉ ይተላለፋል። ስለዚህ ከማረሚያ ቤት የወጣ ሰው 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ካሳለው አክታው ይመርመር፤ ቤተሰቡም ይታይ። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው፤ በአብዛኛው 6 ወር ይፈጃል። እስር ቤት የጀመረ ታራሚ ሲፈታ የማዛወሪያ ወረቀት ይዞ ይውጣ፤ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒት ሊለምድ ይችላል።

ሚስትም ተይዛ ሕክምና ከጀመረች ለእኛ ትንገረን። ብዙዎች አፍረው ይደብቁናል። ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት የእርግዝና መከላከያ እንክብልንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማል፤ ሳይታሰብ ይረገዛል። የ3 ወር መርፌንና ሉፕን ግን አይነካም። ሽንት ቀላ ቢል አትደንግጡ፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው።