ካልኩሌተሩ «108» ሲል ስንት ማለቱ ነው?

በአርሲ ዞን፣ በመርቲ ወረዳ፣ በአቦምሳ ከተማ አንድ የእህል ነጋዴ አለ እንበል። ከተለያዩ ገበሬዎች ያሰባሰበው 186 ኩንታል ጤፍ በድምሩ 2,000,000 ብር ፈጅቶበታል። አንዱ ኪሎ ስንት እንደወጣበት ለማወቅ ሁለቱን ሚሊዮን ለ18,600 ኪሎ ያካፍላል። በእጁ ያለው ካልኩሌተር ልጁ ለፊዚክስ ትምህርት የገዛው ሳይንቲፊክ ነው። መልሱ «108» ብሎ ይወጣል፤ ነጋዴውም 108 ብር ብሎ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል።

ከሰዓት በኋላ ደላላው ከአዳማ የመጣ ገዢ ይዞ ይመጣል። «ጋሼ፣ በኪሎ 107 ከ80 ይወስዳል» ይላል። ደብተሩ 108 ስለሚል «ከመግዣዬ በታች ነው» ተብሎ ገዢው ይሸኛል። እውነተኛው መግዣ ግን 107 ብር ከ52 ሳንቲም ከምናምን ነበር። የተሸኘው ዋጋ 2,005,080 ብር ያስገኝ ነበር፤ የማስጫኛና የጆንያ ወጪ ሳይነሳ 5,080 ብር ትርፍ መሆኑ ነው።

ለመሆኑ ካልኩሌተሩ ተሳስቷል? አልተሳሳተም። በሆዱ የያዘው 107.5268817 ነው። ተማሪው በክፍል ውስጥ ለአንድ ጥያቄ ብሎ «ፊክስ 0» ላይ አድርጎት ኖሯል፤ ይኸውም «ከነጥብ በኋላ ምንም አታሳይ» የሚል ትእዛዝ ነው። መሣሪያው የታዘዘውን አሳየ። 107.50ን፣ 107.53ን እና 107.80ን ሁሉንም «108» ብሎ ያሳያል። የመጀመሪያው 500 ብር ኪሳራ፣ ሁለተኛው ከመግዣ ጋር እኩል፣ ሦስተኛው ከአምስት ሺህ ብር በላይ ትርፍ ነው። ለመስኮቱ ግን ሦስቱም አንድ ናቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ነጋዴው ከደብተሩ ላይ 108ን አንስቶ በ18,600 ቢያባዛ 2,008,800 ብር ያገኛል። ያወጣው ሁለት ሚሊዮን ነው። 8,800 ብሩ የት ገባ? በሸሪኮች መካከል እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰው እንጂ ካልኩሌተር አይደለም። መልሱን በወረቀት ሳይገለብጥ እዚያው መሣሪያው ላይ በ18,600 ቢያባዛው ኖሮ ግን ልክ 2,000,000 ይመጣ ነበር። ምክንያቱም መሣሪያው የሚያባዛው በሆዱ ያለውን ቁጥር እንጂ በመስኮቱ የሚታየውን አይደለም። ጠቡን ያመጣው እስክሪብቶው ነው።

በገበያ ላይ በብዛት በሚገኙት የካሲዮ ሳይንቲፊኮች ቁጥር የሚታይባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ፊክስ፣ ሳይ እና ኖርም። አራተኛው ኢንጅ ራሱን የቻለ ቁልፍ አለው። ኤምኤስ በሚባሉት ስሪቶች «ሞድ» የሚለውን ቁልፍ ሦስቱ ስሞች እስኪወጡ ድረስ ደጋግሞ መጫን ነው። ኢኤስ በሚባሉት ደግሞ ሺፍትና ሞድ ተጭኖ 6 ለፊክስ፣ 7 ለሳይ፣ 8 ለኖርም ነው። ፊክስ ወይም ሳይ ከተመረጠ ስሙ በመስኮቱ ላይ በደቃቅ ፊደል ይታያል። ከሰው የተዋሱትን ካልኩሌተር ከመጠቀም በፊት ወደዚያች ጽሑፍ አንድ ጊዜ ማየት አይከፋም።

ሳይ ለነጋዴ ብዙም አይበጅም። የሚቆጥረው ከነጥብ በኋላ ያሉትን ሳይሆን ከግራ ጀምሮ ያሉትን አሃዞች ነው። «ሳይ 3» ላይ የተደረገ መሣሪያ 2,005,080ንም ሆነ 2,008,800ን «2.01 ሲባዛ በ10⁶» ብሎ ያልፋቸዋል። ለፊዚክስ ሊቅ በቂ ነው፤ የ3,720 ብር ልዩነት ለሚያስጨንቀው ሰው ግን አይሆንም።

ኖርም ከፋብሪካው ሲወጣ የሚገኝበት ሁኔታ ነው፤ አደገኛነቱም አይጠረጠርም። ኖርም 1 እና ኖርም 2 አሉ። በሁለቱም ቁጥሩ አሥር ቢሊዮን ሲደርስ ወደ አርቢ አጻጻፍ ይዞራል። ከታች በኩል ግን ኖርም 1 ከ0.01 ያነሰውን ሁሉ በአርቢ ይጽፋል። ለምሳሌ ነጋዴያችን ለሚዛን 100 ብር ከፍሎ ለእያንዳንዱ ኪሎ ስንት እንደሚደርስ ሲያሰላ «5.376344086» ይመጣለታል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ደቃቅ «-03» አለች። ደቃቋን ያላየ ሰው በኪሎ 5 ብር ከ38 ሳንቲም ወጪ ይጨምራል። ትክክለኛው 0.0054 ብር፣ ማለትም ግማሽ ሳንቲም ያህል ነው። ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ሲሆን የ100 ብሩ ሚዛን 100,000 ብር ሆኖ ዋጋው ላይ ይጫናል። በእንዲህ ያለ ዋጋ ገዢ አይገኝም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ኖርም 2ን መምረጥ። ያኔ 0.005376344 ብሎ በግልጽ ያወጣዋል።

ኢንጅ የተሠራው ለመሐንዲሶች ቢሆንም ከጋዜጣ አንባቢ ጋር የሚስማማ ነው። የሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ የመጀመሪያውን የኪስ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር እ.ኤ.አ. በ1972 በ395 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ ይህ አጻጻፍ አልነበረበትም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው የመጣው። ሥራው አርቢውን ሁልጊዜ በሦስት በሦስት ማስኬድ ነው። 10³ ሺህ፣ 10⁶ ሚሊዮን፣ 10⁹ ቢሊዮን። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለ2017 በጀት ዓመት በመጀመሪያ ያጸደቀውን በጀት ካልኩሌተር ላይ ቢያስገቡት «9.712 ሲባዛ በ10¹¹» ይላል። ይህንን በቃል ማንበብ ያስቸግራል። ኢንጅን ሲጫኑት «971.2 ሲባዛ በ10⁹» ይሆናል፤ 971.2 ቢሊዮን ብር። ቁልፉን ደግመው ከተጫኑት አርቢው በሦስት ይወርዳል፤ ከሺፍት ጋር ከተጫኑት ይወጣል። ቁጥሩ ራሱ አይለወጥም።

ይህ በሦስት የመቁጠር ልማድ ለአገራችን ጥንታዊ አለመሆኑን ማንሳት ይቻላል። የግእዝ አኃዝ መቶን በ፻፣ እልፍን በ፼ ይጽፋል እንጂ ለሺህ የራሱ ምልክት የለውም፤ ሺህ ፲፻ ነው። 250,000 ደግሞ ፳፭፼ ይሆናል። የግእዝ ካልኩሌተር ቢሠራ ኖሮ ኢንጅ የሚዘለው በአራት በአራት በሆነ ነበር።

ወደ ገበያው ስንመለስ፣ በየሱቁ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ትልልቅ ካልኩሌተሮችም ከዚህ ነገር ነፃ አይደሉም። ከብዙዎቹ መስኮት ሥር ሁለት ትንንሽ መንሸራተቻዎች አሉ። አንዱ ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ እንደሚታይ ይወስናል፤ ሌላው «ካት»፣ «5/4» እና «አፕ» ይላል። ካት ትርፉን ቆርጦ ይጥላል፤ 5/4 ወደ ቀረበው ያጠጋጋል፤ አፕ ሁልጊዜ ወደ ላይ ያነሳል። የጤፉ መግዣ በሁለት አሃዝ በካት 107.52፣ በ5/4 107.53 ነው። ገዢና ሻጭ የየራሳቸውን መሣሪያ ይዘው በ186 ኩንታል ላይ ቢቀመጡ ልዩነታቸው ልክ 186 ብር ይሆናል። ሁለቱም ይምላሉ፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ።

ስለዚህ በውል ወረቀት ላይ የኪሎው ዋጋ 107.53 ተብሎ ከተጻፈ ሂሳቡም በዚያው ቁጥር መሠራት አለበት። በሳይንቲፊኩ ላይ «አርኤንዲ» የተባለው ተግባር ለዚህ ያገለግላል። መሣሪያው ፊክስ 2 ላይ ሆኖ ሲጫኑት የሚታየውን ቁጥር እውነተኛው ቁጥር ያደርገዋል፤ ከዚያ በ18,600 ሲባዛ 2,000,058 ይሰጣል፤ ይህም በወረቀት ከሚሠራው ጋር ይገጥማል። የራስን መግዣ ለማወቅ ሲሆን ግን ይህንን ቁልፍ አለመንካት ይሻላል።