የመዳብ እጀታ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። ሆስፒታላችን የአልጋ መደገፊያዎችንና የበር እጀታዎችን ባክቴሪያ በሚገድል መዳብ ሊያስለብስ አስቧል። ወጪው ያዋጣል ይላሉ?

መልስ፦ መዳብ ባክቴሪያ መግደሉ አያጠራጥርም። ከብረቱ የሚወጡት አዮኖች የባክቴሪያውን ሽፋን በስተው ውስጡን ያበላሹታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 የመዳብ ቅይጦችን ሲመዘግብ፣ በየጊዜው ከተጸዱ በ2 ሰዓት ውስጥ 99.9 በመቶውን ባክቴሪያ ይገድላሉ እንዲባል ፈቅዷል። ልብ ይበሉ፣ 2 ሰዓት! እስከዚያ ስንት እጅ ይነካዋል? ደግሞም ደም ወይም ቅባት ከጋረደው ባክቴሪያው ከብረቱ ጋር አይገናኝም። በብር የተሠሩ ሽፋኖች ደግሞ እርጥበት ስለሚፈልጉ ደረቅ እጀታ ላይ ብዙም አልተማመንባቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የሦስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች ጥናት፣ መዳብ በለበሱ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ኢንፌክሽን ከግማሽ በላይ መቀነሱን አሳይቷል። ተስፋ ይሰጣል፤ ግን አንድ ጥናት ነው፣ ተቺዎችም አሉት።

በየአልጋው የእጅ አልኮል ከሌለ ገንዘቡ መጀመሪያ እዚያ ይዋል። ካለ ከበሩ ይልቅ ለታካሚው ከሚቀርበው የአልጋ መደገፊያ ይጀምሩ። ከመፈረምዎ በፊትም ሽፋኑ በረኪና ይችል እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁ፤ ክሎሪን መዳብን ይበላል።