የዘይቱ መብራት ሲበራ

አሮጌ መኪና ያለው ሰው፣ ለብቻው የገዛም ሆነ በማኅበር፣ ከሾፌሩ ፊት ለፊት ያለችውን አንዲት ቀይ መብራት ማወቅ አለበት። በላይዋ የዘይት ማንቆርቆሪያ ሥዕል አለ፤ ከአፉ ጠብታ ይንጠባጠባል። ቁልፉ ሲከፈት ትበራለች፤ ሞተሩ ሲነሣ ትጠፋለች። ሞተሩ እየሠራ ከበራች ግን የዘይቱ ግፊት ወርዷል ማለቷ ነው።

ግፊት ምንድን ነው? በሞተሩ ሥር ዘይት የሚጠራቀምበት ገንዳ አለ። ፖምፓው ዘይቱን ከገንዳው በወንፊት በኩል ይስባል። ከዚያም በፊልትሮ አሳልፎ፣ በቀጫጭን ቀዳዳዎች በኩል፣ ወደሚሽከረከሩት ብረቶች ይገፋዋል። ዘይቱ በመካከላቸው ገብቶ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ያደርጋል። ከተነካኩ ይግላሉ፣ ይፋፋቃሉ፣ በመጨረሻም ይጣበቃሉ። ለዚህ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። የቦዩ ዳር ደህና ከሆነ ውሃው እስከ መጨረሻው ማሳ ይደርሳል። ዳሩ በየቦታው ከተሸረሸረ ግን መንገድ ላይ ፈስሶ ያልቃል። በሞተርም ውስጥ ዋናውን ዘንግ የሚሸከሙ ስስ ብረቶች አሉ፤ መካኒኮች ብሮንዝ ይሏቸዋል። እነሱ ሲበሉ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ዘይቱ በዚያ ያመልጥና ግፊቱ ይወርዳል። ታዲያ ውሃ ባነሰ ቁጥር ጥፋቱ የቦዩ ነው ማለት አይደለም። መጥለፊያው በቅጠል ተደፍኖ ይሆናል፤ ወይም የወንዙ ውሃ ራሱ ቀንሶ ይሆናል።

ስድስት ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው ያገለገለች የናፍጣ ፒካፕ ገዝተው ነበር። ድንችና ሽንኩርት ወደ ገበያ ያመላልሱባታል። አንድ የገበያ ቀን ዳገቱን ጨርሰው ከተማው መግቢያ ላይ ሲቆሙ መብራቷ ብልጭ ድርግም አለች። ሾፌሩ ወዲያው ሞተሩን አጠፋ። ጎበዝ ነው፤ «ጋራዥ እስክደርስ» እያለ ሞተሩን መንገድ ላይ የገደለ ሾፌር ስንት አለ! መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ መብራቷን አየና፣ «ሞተሩ አልቋል፤ ወርዶ ይታደስ» አለ። የጠየቀው ገንዘብ የሁለት በሬ ዋጋ ነበር።

ከባለቤቶቹ መካከል አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ለካኸው ወይስ ገመትከው?» አሉት።

«አባባ፣ መብራቷ እኮ በርታለች።»

«መብራቷማ ለእኛም በርታልናለች» አሉና መኪናዋን ወደ ሌላ መካኒክ አስጎተቱ።

ይኸኛው ሰው ገንዘብ ከማያስወጣው ነገር ጀመረ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። በጨርቅ ጠረገው፣ መልሶ ከተተው፣ እንደገና አወጣው። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነበር። ይህንንስ ማንም ሰው በገዛ እጁ ሊያደርገው ይችላል፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ያህል መጠበቅ ብቻ ነው። ዘይቱ ከጎደለ ይሞላል፤ የፈሰሰበትም ቦታ ይፈለጋል። ሳይጨመርበት ከላይኛው ምልክት አልፎ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ ናፍጣ ገብቶ አቅጥኖታል። መልኩ ሻይ በወተት ከመሰለ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል። በሁለቱም ጊዜ ሞተሩን ማስነሣት አይገባም።

ከዚያ ወደ መብራቷ ወሬ የምታቀብለውን ትንሽ ዕቃ ከሞተሩ ላይ ፈታና በቦታዋ የግፊት መለኪያ ሰዓት አሰረ። ሞተሩን አስነሥቶ ከሥር ከባድ መንኳኳት አለ እንደሆነ አዳመጠ፤ ምንም የለም። ቢኖር ኖሮ ወዲያው ያጠፋው ነበር። ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅም ጠበቀ። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ያረጀውንም ሞተር ደህና ያስመስለዋል። ለብዙ የቆዩ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች የፋብሪካው መጽሐፍ የሚያዘው ልክ ይህ ነው፤ በሚኒሞ ከ0.3 ኪሎ በካሬ ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ በደቂቃ 3000 ዙር ሲሽከረከር ደግሞ ከ2.5 እስከ 6 እንዲሆን። የእነርሱ መኪና በሚኒሞ 0.8፣ በ3000 ዙር 3.5 አሳየች። ሞተሩ ደህና ነው። የዋሸችው ያቺ ትንሽ ዕቃ ናት! አዲስ ተገዝታ ተተካች፤ ዋጋዋ ከአንድ ዶሮ ብዙም አይበልጥም ነበር።

ልኬቱ ዝቅ ቢልስ ኖሮ? ያን ጊዜ በፋብሪካው የታዘዘው ዓይነት ዘይትና አዲስ ፊልትሮ ይገባና እንደገና ይለካል። የወጣውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሶ ፀሐይ ላይ ማየት ነው። የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ብረት ከታየበት ብሮንዙ እየተበላ ሊሆን ይችላል። ማግኔት ስላልሳበው ብቻ ብረት የለም አይባልም፤ የብሮንዝ ፍቅፋቂ በማግኔት አይያዝም። ያም ሆኖ ግፊቱ ካልተስተካከለ ገንዳው ይፈታል። ወንፊቱ በጭቃ መሰል ዝቃጭ ተደፍኖ ይገኛል፤ ወይም ግፊት የሚቆጣጠረው ክዳን ቆሻሻ ይዞት ክፍት ቀርቷል፤ ወይም ፖምፓው ራሱ አልቋል። ሞተር ይታደስ የሚባለው እነዚህ ሁሉ ታይተው፣ ብሮንዙም ተለክቶ ነው።

አንዳንዱ ሰው ወፍራም ዘይት ጨምሮ መብራቷን ያስጠፋል። የተበላው ብረት ግን በዚህ አይመለስም፤ በብርድ ጠዋት ደግሞ ወፍራሙ ዘይት ወደ ላይ ለመድረስ ይዘገያል። ይህ በተለይ መኪና ሊሸጥ ሲል ይደረጋል። ስለዚህ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይድረስ። መጀመሪያ ቁልፉ ብቻ ይከፈትለት። ቀዩዋ መብራት ያን ጊዜ ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል፣ ወይም ሆን ተብሎ ተነቅሏል። ከበራች ሞተሩ ይነሣ፤ ዳገት ወጥቶ ወርዶ በደንብ ይሙቅ። ከዚያ በሚኒሞ ትቁምና መብራቷን ይመልከት።