ብረት መፈለጊያ መሣሪያና የጎንደር መሬት
(ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት)

በጎንደር ከተማና በአካባቢው ባለው ደጋ ስለ ተቀበረ ወርቅ ያልሰማ ተማሪ አለ ለማለት ያስቸግራል። ከግንብ ሥር፥ ከአሮጌ ቤተ ክርስቲያን አጥር አጠገብ፥ የጣሊያን ምሽግ ከነበረበት ኮረብታ ላይ ተቀብሮ የቀረ ሀብት አለ ይባላል። ዛሬ ደግሞ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ፥ ማለት ሜታል ዲቴክተር የሚሉት፥ በውጭ አገር የብዙ ሰው የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ሆኗልና «እኛስ ብንጀምረው ምን አለበት?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስደንቅም። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱን ግን «ጀምሩ» ወይም «ተዉ» ብሎ በአንድ ቃል መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፥ የጎንደር መሬት ምን እንደሚያደርገው፥ አደጋውንና ሕጉን፥ ጀማሪም ከየት መነሣት እንደሚገባው በተራ እንመለከታለን። የሐሳባችን መሠረት አጭር ነው። መሣሪያው ብረት መኖሩን ይነግረናል እንጂ የብረቱን ታሪክ አይነግረንም። ታሪኩን የሚነግረን ብረቱ የተኛበት ቦታ ነው።

1ኛ/ መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ስሙ ብረት መፈለጊያ ይባል እንጂ መዳብን፥ ናስን፥ ብርንና ወርቅንም ያገኛል። በዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ትንሽ ሰፌድ ክብ የሆነ ራስ አለው፤ በውስጡም የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎበታል። ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በዚህ ሽቦ ውስጥ በአንድ ሴኮንድ ብዙ ሺሕ ጊዜ አቅጣጫውን እየለወጠ ሲመላለስ፥ ከራሱ በታች ባለው መሬት ውስጥ የሚለዋወጥ የማግኔት ኀይል ይፈጥራል። ይህ ኀይል ከአንድ ብረት ሲደርስ በብረቱ ውስጥ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪቶችን ያስነሣል፤ ሽክርክሪቶቹም በተራቸው የራሳቸውን የማግኔት ኀይል ይሰጣሉ። ሌላ የሽቦ ጥቅል ይህን መልስ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ብርና መዳብ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፉ መልሳቸው ከሚስማር መልስ ይለያል፤ መሣሪያው የብረቱን ዓይነት የሚገምተው በዚህ ነው። ግምት ግን ግምት ነው። ቀጭን የወርቅ ቀለበትና ከሲጋራ ፓኬት የወጣ ብርማ ወረቀት ተመሳሳይ ድምፅ ሊሰጡ ይችላሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት በተመቱ ጊዜ፥ በስልክ ሥራው የታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱ ከሰውነታቸው ውስጥ የት እንዳለ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ለማግኘት ሞክሮ አልሆነለትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዩዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ የፖላንድ መኰንን የሠራው በእጅ የሚያዝ ፈንጂ መፈለጊያ በ1942 በኤል አላሜይን ውጊያ ላይ ዋለ። በአገራችንም መሣሪያው ይበልጥ የሚታወቀው በፈንጂ አምካኞች እጅ ነው።

አንድ ተራ መሣሪያ ሳንቲም የሚያህልን ነገር የሚያገኘው በግምት እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ነው። ተለቅ ያለ ነገር ከዚያ ጠልቆም ይሰማል፤ ቢሆንም ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ «ከሩቅ ሆኖ ወርቅ ያሳያል» እየተባለ የሚሸጠውን ባለ አንቴና ዘንግ ለመግዛት ማንም ተማሪ ገንዘቡን አያባክን። ጄምስ መኮርሚክ የተባለ እንግሊዛዊ ምንም የማይሠራ ባለ አንቴና ዕቃ «ፈንጂ መፈለጊያ ነው» እያለ ለኢራቅና ለሌሎች አገሮች ሸጦ፥ በ2013 በለንደን ፍርድ ቤት 10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

2ኛ/ የጎንደር አፈር ምን ያደርገዋል?

የጎንደርና የስሜን ደጋ በአመዛኙ የቆመው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ከምድር ውስጥ ቀልጦ በፈሰሰ ድንጋይ ላይ ነው። ጥቁር ድንጋይ የምንለው ይህ ባዛልት በውስጡ ብዙ ብረት አለበት፤ ከእርሱ የተገኘውም ቀይ አፈርና ዋልካ እንደዚሁ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ማግኔት በፌስታል ጠቅልሎ በደረቅ አፈር ላይ መጐተት ነው፤ ጥቃቅን ጥቁር ቅንጣቶች ይለጠፉበታል።

እንግዲህ በእንግሊዝ ለስላሳ አፈር ላይ ጸጥ የሚል መሣሪያ በእኛ ድንጋይ ላይ ያለ ማቋረጥ ሊጮህ ይችላል። ጩኸቱን ሁሉ ሀብት ነው ብሎ የሚቈፍር ሰው ድንጋይ ሲቈፍር ይውላል። መፍትሔው መሣሪያውን ከአፈሩ ጋር ማስማማት ነው። ይኸውም ብረት በሌለበት ቦታ ላይ ራሱን ከመሬት አጠገብ ከፍና ዝቅ እያደረጉ፥ ድምፁ ሳይለዋወጥ እስኪቀር ድረስ ማስተካከያውን ማዞር ነው። ቦታ በተለወጠ ቍጥር ይህን መድገም ያስፈልጋል።

3ኛ/ የመጀመሪያው ትምህርት በገዛ ግቢ

ጀማሪ የሚሠለጥነው በሰው ማሳ ላይ አይደለም። በገዛ ግቢው አንዲት ትንሽ መደብ ያዘጋጅ። በዚያችም ውስጥ ሚስማር፥ ቆርኪ፥ ሳንቲም፥ የናስ ቁልፍና ብርማ ወረቀት በ5፥ በ10 እና በ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቅበር። የእያንዳንዱን ቦታ በደብተር ላይ ሥሎ፥ መሣሪያውን ቀስ ብሎ ከመሬት ጋር ትይዩ እያወዛወዘ የእያንዳንዱን ድምፅ ይጻፍ። አፈሩ በደረቀ ጊዜ አንድ ቀን፥ ዝናብ ከጣለ በኋላ ሌላ ቀን ይድገመው። ልዩነቱን ራሱ ያገኘዋል።

ይህን ያወቀ ሰው ወዲያው የሚጠቅም ሥራ አለው። በሣር ውስጥ የወደቀ የጋብቻ ቀለበት፥ የጠፋ ቁልፍ፥ በእርሻ ላይ ተፈናጥሮ የቀረ ወገል ወይም ማረሻ ለባለቤቱ ፈልጎ መስጠት ይችላል። አንድ ማረሻ ያገኘለት ተማሪ በገበሬው ዘንድ የሚያገኘው እምነት ከወርቅ ወሬ ይበልጣል። ወደ ማሳ ከመግባቱ በፊት ግን «አያ እገሌ፥ ይህን መሣሪያ ይዘን በማሳዎ ብናልፍ ይፈቅዱልናል?» ብሎ መጠየቅ፥ ምን እንደሚሠራም አሳይቶ ማስረዳት ግዴታ ነው። ቀበሌውም አስቀድሞ ይወቅ።

4ኛ/ ከመሬት ውስጥ በእርግጥ ምን አለ?

«የፋሲል የወርቅ መሐለቅ» ሲባል እንሰማለን። ነገር ግን ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ሲቈረቍሩም ሆነ ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት የጎንደር ነገሥታት የራሳቸውን መሐለቅ አላስመቱም። የአክሱም መሐለቅ በፈረንጅ አቆጣጠር በሰባተኛው መቶ ዓመት ከቆመ ወዲህ እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ በስሙ መሐለቅ ያስመታ ንጉሥ የለም፤ የምኒልክ ብር የመጀመሪያው ዓመተ ምሕረት 1887 ነው። በጎንደር ዘመን ገበያው የሚሠራው በአሞሌ ጨውና በሚመዘን ወርቅ ነበር፤ በኋላም ጠገራ ብር መጣ። የማይገኝን ነገር መፈለግ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ይሆናል።

ጠገራ ብር፥ ማለት ማርትሬዛ፥ ለትምህርታችን ጥሩ ምሳሌ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፥ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በላዩ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፤ ማርያ ቴሬዛ የሞቱበት ዓመት ነውና። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ሲመታ ዓመቱ አልተለወጠም። ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ በ1935 የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ አግኝቶ በሮማ ያስመታው እንኳ 1780 የሚል ነው። ስለዚህ አንድ ጠገራ ብር በእጃችን ብንይዝ የተቀበረበትን ዘመን ከራሱ አናነብም። ከአንድ የፈረሰ ቤት ወለል በታች ከጣሊያን ቀለህ ጋር በአንድ የአፈር ንብርብር ውስጥ ቢገኝ ግን፥ በጣሊያን ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ እንደ ወደቀ እናውቃለን። ብሩን መንጭቆ ያወጣ ሰው ይህን ማስረጃ ለዘለዓለም አጥፍቶታል። ያን ቀዳዳ ምሁር በኋላ ቢመጣ አይደፍነውም።

ቦታ ሲጠበቅ ምን እንደሚገኝ ከአሜሪካ እንማር። በሞንታና በ1876 የሊትል ቢግ ሆርን ውጊያ የተደረገበት ሜዳ በ1983 በሣር ቃጠሎ ተራቈተ። በተከታዩ ዓመት ብረት መፈለጊያ የያዙ ፈቃደኞች ከአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ጋር ሆነው በረድፍ ተራመዱ። ድምፅ በተሰማበት ሁሉ ምልክት ተከሉ፤ የእያንዳንዱ ቀለህና ጥይት ቦታ ሳይለካ ምንም አልተነሣም። በቀለሁ ላይ መርፌው የተወውን ምልክት በማመሳከር አንድ ጠመንጃ ከየት ወደ የት እንደ ተዛወረ እንኳ ለማወቅ ተቻለ። ያ ሁሉ ቀለህ በየሰዉ ኪስ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ግን የቈርቈሮ ያህል ዋጋ እንኳ ባልኖረው ነበር።

እኛም ተመሳሳይ ሜዳ አለን። በደባርቅ በኩል የወልከፊት ምሽግ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለው ቁልቋል በር በኅዳር 12 ተያዘ፤ በኅዳር 18 ደግሞ ጄኔራል ናሲ በጎንደር ለእንግሊዝ ጦርና ለአርበኞቻችን ተማረከ። የጣሊያኑ የካርካኖ ጥይት 6.5 ሚሊ ሜትር፥ የእንግሊዙ 7.7 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ የቀለሁ መልክ የተኳሹን ወገን ያመለክታል። አርበኞች የማረኩትንም መሣሪያ ይተኵሱ ስለ ነበር ግን፥ እዚህም ላይ ፍርዱን የሚሰጠው ቦታው ነው። የአርበኞቻችን አቋቋም በወረቀት ላይ ባልተጻፈበት ቦታ መሬቱ ሊመሰክር ይችላል፤ ካልተበረበረ ነው።

5ኛ/ አደጋው

መሣሪያው ወርቅንና ቦምብን በስማቸው አይጠራም። በአሮጌ ምሽግ ላይ ያልፈነዳ ፈንጂ ሊኖር ይችላል፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተደረጉት ውጊያዎች ምክንያትም አዲስ የሚያሰጋ ቦታ ተጨምሯል። ቀለህ ባዶ ይሁን ጐራሽ ሳይታወቅ አይነሣም። ክብ ወይም ክንፍ ያለው ብረት፥ ሽቦ የወጣበት ነገር የታየ እንደ ሆነ አለመንካት፥ በመጡበት እግር መመለስ፥ ለአካባቢው ፖሊስ መናገር ነው። ጦርነት በተደረገበት ቦታ ላይ በራስ ፈቃድ መፈለግ ለተማሪ ፈጽሞ የተገባ አይደለም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላልና። ፀጥታ ባልሰፈነበት አካባቢም እንግዳ መሣሪያ ይዞ መታየት ራሱ ለጥርጣሬ ያጋልጣል።

6ኛ/ ሕጉ

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስን መፈለግም ሆነ መቈፈር ያለ ፈቃድ ይከለክላል። ፈቃዱን የሚሰጠው ቀድሞ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን፥ ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ቤት ሲሠራ፥ መንገድ ሲቈረጥ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ማስታወቅ፥ እስኪረከቡትም ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት። ይህን ላደረገ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው አዋጁ ያዛል፤ ቅርስን ለሰረቀና ላበላሸ ግን ጽኑ እስራት ነው። በእንግሊዝ አገር በ2009 በስታፎርድሺር የወርቅ ክምችት ያገኘው ሰው ለመንግሥት አስታውቆ፥ ከባለ መሬቱ ጋር 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ተካፍሏል። ያ የእንግሊዝ ሕግ ነው፤ በእኛ ሕግ እንደዚህ ያለው ግኝት የአገር ነው።

ስለዚህ ፋሲል ግቢ፥ የፋሲል መዋኛ፥ ቁስቋም፥ ጉዛራ፥ ደንቀዝ፥ ጎርጎራ፥ የአዘዞ ገነተ ኢየሱስ፥ የስሜን ፓርክ፥ ማንኛውም ቤተ ክርስቲያንና መቃብር የጀማሪ መሣሪያ የማይደርስባቸው ናቸው። መሣሪያውን ከውጭ ለማስመጣት ያሰበም አስቀድሞ ጉምሩክን ይጠይቅ።

7ኛ/ ታዲያ ምን እንሥራ?

«ሁሉ ከተከለከለ ምን ቀረ?» የሚል ይኖራል። ብዙ ቀርቷል። ገበሬው ከገመሳ ጀምሮ በያመቱ መሬቱን ይገለብጣል፤ በማረሻውም አሮጌ የጦር ጫፍ፥ አንባር፥ ብረት ሲቀልጥ የቀረ ጥቁር ዝቃጭ ያወጣል። ይህ የሚጻፍበት ደብተር ግን የለም። አንድ ተማሪ በዕረፍት ወራት ወደ አገሩ ሲመለስ ገበሬው ያሳየውን ዕቃ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጦ ፎቶግራፍ ያንሣ። ቀኑን፥ የቦታውን ስም፥ በስልኩ ላይ የሚታየውን የቦታ ቍጥር፥ ጥልቀቱን፥ የአፈሩን ቀለም፥ ሽማግሌዎች ስለ ቦታው የሚሉትን ይጻፍ። ዕቃውን አይግዛ፥ አይውሰድ፤ ገበሬው ራሱ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንዲያስታውቅ ይርዳው። ዕቃ የሚገዛ ተማሪ ገበሬውን ወደ መቈፈር ይመራዋል።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ለአምስት ለስድስት ተማሪ አንድ መሣሪያ ይበቃል። ማኅበሩ አንድ ክበብ ቢያቋቁም፥ አባላቱ ለአንድ መንፈቅ በመለማመጃው መደብ ቢሠለጥኑ፥ ከዚያም ፈቃድ ይዞ ጥናት ለሚያካሂድ ምሁር በረዳትነት ቢቀርቡ፥ መሣሪያው በተገቢው ቦታ ይውላል። መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ እስኪገኝ ደግሞ ደብተርና ማስመሪያ በእያንዳንዳችን ሣጥን ውስጥ አለ። በሚመጣው ዕረፍት ከየወረዳችን አንድ አንድ ገጽ ይዘን ብንመለስ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።