ለእምድብር ቤት የሚሆን ውሻ

ያረጀው ውሻ ሲሞት የሚተካው ምን ዓይነት ይሁን? ከመካከላችን አንዳንዱ ለክረምት ዕረፍት ወደ እምድብር ሲመለስ፣ ካዲስ አበባ የፈረንጅ ቡችላ ይዞ መግባት ያምረዋል። እኛ ግን አስቀድሞ የውሻው ሥራ ይመርመር እንላለን።

ብዙ የሚወደደው የጀርመን እረኛ፣ ካፒቴን ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1899 ጀምሮ ከበግ ጠባቂ ውሾች መርጦ ያራባው ዘር ነው። ብልህነቱን አንክድም። ነገር ግን ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመምም ይበዛበታል። ቆጮ በልቶ በሚያድር ቤት ያን ሆድ ማን ይሞላዋል?

በቸሃ ውሻ የሚፈለገው ሌሊት ጃርትና የዱር አሳማ ከእንሰቱ እንዲያባርር፣ ጅብ ሲመጣም እንዲጮኽ ነው። ቀን ግን ደጁ ጀፎረ ነው፤ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ከብት ይግጥበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ገበያተኛ ያልፍበታል። ስለዚህ ሌሊት ንቁ፣ ቀን ሰው የለመደ ውሻ ያስፈልጋል። እናቱ በመንደሩ የታወቀች ያገር ቡችላ ይሻላል፤ የእናቲቱን ጠባይ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል። የከተማውን ቡችላ ጠባይ የሚነግረን ግን ሻጩ ብቻ ነው።

ከዘሩ ይልቅ የሚያሳስበን ክትባቱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይከተብ፤ በያመቱም ይደገምለት። የተነከሰ ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ይጠብ፣ በዚያው ቀንም ሐኪም ቤት ይሂድ፤ የነከሰው የገዛ ቤቱ ውሻ ቢሆንም።