አዲስ በተሠራ ሞተር ላይ የቫልቮላ ሞላ ለምትቀይሩ፦ ማሳሰቢያ

በመተማ፣ በገንዳ ውሃ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ላላችሁ ባለንብረቶች፣ ሾፌሮችና መካኒኮች፦

ፒስተንና ፋሻ ተቀይሮ፣ ቴስታታው ሬክቲፊካ ገብቶ ሲያበቃ አሮጌው ሞላ «ገና ይሠራል» ተብሎ ይመለሳል። የዚህ ቁጠባ ዕዳ የሚከፈለው ከአይከል ወደ ቆላው ሲወረድ ነው። በከባድ ማርሽ ቁልቁለት ሲወረድ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ስለሆነ፣ ነዳጅ መቀነስ ብቻውን ዙሩን አይገታም። ዙሩ ከልክ ሲያልፍ የደከመ ሞላ ቫልቮላውን በጊዜው አይመልሰውም፤ ፒስተኑ ሽቅብ መጥቶ ይመታዋል። ያን ጊዜ አዲሱ ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

አንድ ሞላ ቢሰበር ሁሉንም ቀይሩ። አዲሶቹን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ጎን ለጎን አቁሙና ቁመታቸውን ለኩ፤ ያጠረ ወይም ያጋደለ ካለ ለሻጩ መልሱት።

ከጎንደር ወይም ከሶማሌ ተራ በስልክ ስታዝዙ «የአይሱዙ ሞላ» ብቻ አትበሉ፤ የሞተሩን ሞዴል ንገሩ። «ጠንከር ያለውን ላክልኝ» ማለትም ብልህነት አይደለም። ከልክ በላይ የጠነከረ ሞላ አዲስ ካምሻፍት ይበላል።

ለሞላ ብቻ ብላችሁ ቴስታታ አታውርዱ፤ አዲሱ ጓርኒሲዮን ይባክናል። የምትሠሩበትን ሲሊንደር ፒስተን በእጅ አዙራችሁ ሁለቱም ቫልቮላዎች በተዘጉበት ወደ ላይኛው ጫፍ አምጡት። በቤንዚን ሞተር፣ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት በካንዴላው ቀዳዳ ንጹሕ የናይለን ገመድ አስገቡና ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ገመዱ ቫልቮላውን ደግፎ ይይዘዋል። ጫፉ ግን ውጭ ይቅር። በኮምፕሬሰር አየር የምትሠሩ ከሆነ ሞተሩ በድንገት ሊዞር ይችላልና እጃችሁን ከቺንጋና ከፋን አርቁ።

ሞላውን ከመጫናችሁ በፊት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ድፈኑ። ቫልቮላውን የሚይዙት ሁለት መቆለፊያዎች ከጥፍር አይበልጡም። አንዱ ወደ ዘይት ቋቱ ከወደቀ ቋቱን እስከ ማውረድ ያደርሳል። ስንት ጨርቅ እንዳስገባችሁም ቁጠሩ፤ የተረሳ ጨርቅ ከወደቀ መቆለፊያ አይሻልም።

የሞላው አንድ ጫፍ ጥምጥሙ ጠበብ ያለ ከሆነ፣ ያ ጫፍ ወደ ታች፣ ወደ ቴስታታው ይሁን።

መንገድ ዳር፣ በነፋስና በአቧራ የቫልቮላ ክዳን አትክፈቱ። የግድ ከሆነ ሸራ ወጥሩ። መኪናው ለቆመበት ምልክት ያኖራችሁትን ድንጋይ ስትነሡ አብራችሁ አንሡ፤ ማታ የሚመጣ ባለ ባጃጅ አያየውም።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ የቫልቮላውን ጫፍ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መዶሻ ለስለስ አድርጋችሁ ምቱ፤ ያልተቀመጠ መቆለፊያ ያኔ ይታወቃል። ክፍተቱን ፋብሪካው ባዘዘው ልክ አስተካክሉ። በሞተሪኖ ከማስነሣታችሁ በፊት ኮሎውን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። የሚያግድ ነገር ከተሰማችሁ አታስገድዱ።

ሰሊጥ ቢከመርም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙሉ ጭነት አትጫኑ። የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት የሙቀት መለኪያውን ተከታተሉ፤ ሞተር ደጋግሞ ሲግል ሞላም ይደክማል።

የወጣውን ዘይት በጄሪካን ያዙት። ከጓንግም ሆነ ከሽንፋ ከብት ይጠጣል፤ አታፍስሱበት።

ባለንብረቶች፣ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት አሮጌዎቹን ሞላዎች ቆጥራችሁ ተረከቡ።