ለቤት ኮምፒውተር የሚሆን ስፒከር እንዴት እንምረጥ?

በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ ለኮምፒውተሩ ስፒከር ለመግዛት ቢያስብ፣ ሰፋ ያለ ምርጫ ለማግኘት ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር መሄድ ይኖርበታል። ዕቃው ቤት ደርሶ ሲከፈት ድምፁ ካላማረ፣ ለመመለስ የሚወጣው የመኪና ሂሳብ ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት የሚገባው እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ጆሮና ጥቂት ፊዚክስ ይበቃሉ።

ገዢን በመጀመሪያ የሚያሳስተው በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የዋት ቁጥር ነው። ከቁጥሩ አጠገብ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚል ምልክት ካለ፣ መሣሪያው ለቅጽበት ይደርስበታል የተባለውን አቅም ያመለክታል፤ አለካኩ ወጥ ደረጃ ስለሌለው አምራቹ የፈለገውን ሊጽፍ ይችላል። እስቲ እናስላ። ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከኮምፒውተሩ ዩ.ኤስ.ቢ. ብቻ የሆነ ስፒከር እንውሰድ። የተለመደው የዩ.ኤስ.ቢ. 2.0 ማስገቢያ 5 ቮልትና 0.5 አምፔር ይሰጣል። ሁለቱ ሲባዙ 2.5 ዋት ይሆናሉ። ከ2.5 ዋት በላይ ያልገባበት መሣሪያ በአማካይ 300 ዋት ሊያወጣ አይችልም፤ የጉልበት አለመጥፋት ሕግ አይፈቅድለትም። መታየት ያለበት አር.ኤም.ኤስ. ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ነው። እሱም ቢሆን ሊያስጨንቀን አይገባም። አቅም በ10 እጥፍ ሲጨምር ጆሯችን የሚሰማው ጩኸት በግምት በእጥፍ ብቻ ያድጋልና፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው ጥቂት ዋት ይበቃዋል።

ዋናው ጥያቄ ስፒከሩ ወፍራሙን ድምፅ ያወጣል ወይ የሚለው ነው። በስፒከር ውስጥ በማግኔት መካከል ያለው ጥቅል ሽቦ ኮን የሚባለውን ገጽ ወደፊትና ወደኋላ እየገፋ አየሩን ያንቀሳቅሳል። የድምፁ ጥንካሬ ሳይለወጥ ድግግሞሹ በግማሽ ሲቀንስ፣ ኮኑ 4 እጥፍ መወዝወዝ አለበት። በ200 ሄርዝ 1 ሚሊ ሜትር የሚወዛወዝ ኮን በ50 ሄርዝ 16 ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮን ይህን አይችለውም። ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን የገጹ ስፋት 4 እጥፍ ስለሚሆን ሸክሙ በዚያው ልክ ይቀልለታል።

እዚህ ላይ በገና ያታልለናል። የበገና አውታር ሲመታ፣ ለምሳሌ በ80 ሄርዝ ቢርገበገብ፣ 160፣ 240፣ 320 እያለ የሚቀጥል የድምፅ ቤተሰብም አብሮ ይወጣል። በአውታሮቹና በበርኩማው መካከል የሚገቡት ትናንሽ ቆዳዎች የሚፈጥሩት ነዝናዛ ድምፅ እነዚህን ከፍተኛ ድግግሞሾች ያበዛቸዋል። ትንሽ ስፒከር 80ውን ፈጽሞ ባያወጣውም፣ አእምሯችን በቀሩት መካከል ያለውን የ80 ሄርዝ ልዩነት አይቶ የጎደለውን ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። በገናው በገና መስሎ ይሰማናል፤ ሻጩም «ይኸው!» ይላል። ከበሮ ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው የድምፅ ቤተሰብ የለውም። የሰፊው አፉ ወፍራም ምት ከጠፋ፣ የሚቀረው ቆዳ በጣት ሲነካ የሚሰማው ዓይነት ጠፍጣፋ «ጠቅ» ነው። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ ከበሮ ያለበት መዝሙር ወይም ዘፈን በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ለቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ሁለት ቃላት ይበቁናል፦ «ሰማ» እና «ሸማ»። የ«ሰ» ድምፅ ጉልበት በአብዛኛው ከ4000 ሄርዝ በላይ ሲሆን፣ የ«ሸ» ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ቀጭኑን ድምፅ የሚቆርጥ ስፒከር ሁለቱን ያቀራርባቸዋል። በቴፕ ወይም በቪዲዮ የተቀዳ ትምህርት ለሚከታተል ተማሪ፣ በእኔ ግምት፣ ይህ ጉድለት ከከበሮው መጥፋት ይብሳል።

ደገኛ አንባቢያን አንድ ነገር ያክሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያው ስፒከር ከ2 ዴሲቤል ትንሽ የሚበልጥ ድምፅ ይጎድለዋል። ልዩነቱ በጆሮ ቢሰማም ድምፅ መቆጣጠሪያውን ጥቂት ከፍ ማድረግ ይፈታዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት ምንም ሳይከፈት ድምፅ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻ አዙራችሁ ጆሯችሁን አስጠጉ። «ምምም» የሚል ድምፅ ጎልቶ ከተሰማ፣ የአገራችን መብራት የሚመላለስበት 50 ሄርዝ ወይም እጥፉ 100 ሄርዝ ወደ ማጉያው ሰርጎ ገብቷል።

ቤት ሲደርስ ሁለቱ ስፒከሮችና ራሳችሁ ጎኖቹ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ሥሩ፤ ኮኖቹ ወደ ጆሮ ይዙሩ። ጥግ ላይ የተቀመጠ ስፒከር ወፍራሙ ድምፁ ይጨምራል፤ ለትንሹ ይጠቅመዋል፣ ትልቁን ግን ያደነቁረዋል። በጭቃ በተመረገና ቆርቆሮ በለበሰ ቤት ድምፁ የሚያስተጋባ ከሆነ፣ ከጀርባችሁ ባለው ግድግዳ ላይ ጋቢ ስቀሉ። ጋቢው የቀጭኑን ድምፅ ነጸብራቅ ይውጣል። የከበሮው ሞገድ ግን በ100 ሄርዝ 3.4 ሜትር ይረዝማልና ጋቢውን ከምንም ሳይቆጥር ያልፈዋል።